ከሂዩስተን በታች፣ ከቺካጎ በላይ

ኮሌጅ በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት መምህራችን ሰሌዳው ላይ አንድ ጥያቄ ጻፉ፦ ከአሜሪካ ከተሞች በምግብ የምትበልጠው የትኛዋ ናት? የምማረው የምግብ ዝግጅትና መስተንግዶ ነው። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ አብረውኝ የሚማሩት አብዛኞቹ ከልጄ ያንሳሉ። ክፍሉ ወዲያው ተንጫጫ። አንዱ ኒውዮርክ አለ፣ አንዷ ሎስ አንጀለስ አለች፣ ከኋላ የተቀመጠው ልጅ «እናቴ ቤት» ብሎ አሳቀን። እኔም እጄን አወጣሁ። ተራዬ ሲደርስ ግን ከተሞቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ አፌ ላይ ተጋፉና የቱን እንደማስቀድም ጠፋኝ። መምህራችን ፈገግ ብለው፣ «ለሚቀጥለው ሳምንት አዘጋጅተሽ ነይ፤ መጀመሪያ ግን በምን እንደምትመዝኚ ትነግሪናለሽ» አሉኝ።

እኔ ከዐሥር ዓመት በላይ ማቀዝቀዣ ያለው የጭነት መኪና ነድቻለሁ። ከዳላስ ተነስቼ ያልደረስኩበት ትልቅ ከተማ ጥቂት ነው፤ በደረስኩበት ሁሉ ደግሞ በልቻለሁ። ስለዚህ ጥያቄው ለእኔ የቤት ሥራ ብቻ አልነበረም። በዚያው ሰሞን እትዬ ዘነበች፣ መንዳትም መብላትም ያስተማሩኝ ሴት፣ ዳላስን ትተው ልጃቸው ወዳለችበት ወደ ሲያትል ልሂድ ወይስ ልቅር እያሉ ያመነቱ ነበር። እኔ እንዲቀሩ እፈልግ ነበር። ይህን የምጽፈው ከተሞቹን በወጉ ለመደርደርና እሳቸውን ለማስቀረት ያደረግኩትን ለመናገር ነው።

ያገኘኋቸው ዳላስ አጠገብ፣ ፋርመርስ ብራንች ነው። እኔ በዲቪ መጥቼ መጋዘን ውስጥ ካርቶን እደረድር ነበር። አንድ ጠዋት አንድ ረጅም መኪና ወደ መጫኛው በር ሪቨርስ ሲያደርግ አየሁ። ሌሎቹ ሾፌሮች ደጋግመው ወደፊት ወደኋላ ይላሉ፤ ይኼኛው አንድ ጊዜ ዞሮ፣ መርፌ ውስጥ እንደሚገባ ክር ቀጥ ብሎ ገባ። ሾፌሩ ሲወርድ ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ የፊት ረድፍ ላይ የሚቀመጡት ሴትዮ ሆነው አረፉት።

«እህት ዘነበች! እርስዎ ነዎት እንዴ?»

«ማን መሰልኩሽ? እዚያ ስዘምር ብቻ ነው የምታውቂኝ።»

«እኔስ ይኼን መንዳት እችል ይሆን?»

«ስንት ልጅ አሳድገሻል?»

«አንድ።»

«ሶ፣ ይኼ ይቀልሻል። ቢያንስ መሪውን ሲያዞሩት ይታጠፋል።»

መንጃ ፈቃዱን አውጥቼ የእሳቸው ጥንድ ሆንኩ። በጥንድ መንዳት ማለት አንዱ ሲነዳ ሌላው ከወንበሩ ጀርባ ባለችው አልጋ ይተኛል፤ መኪናው አይቆምም። የሚከፈለን በማይል ነበር፤ እንደ ወሩ ሁኔታ ይበቃል፣ አይበቃምም። ጭነት የሚመድብልን ማርከስ የሚባል ለስላሳ ሰው ነበር። ሌሎቹን ሾፌሮች «የት ደረሳችሁ?» ብሎ ሲደውል፣ እኛን ግን «ምን በላችሁ?» ይለን ነበር፤ ከመልሳችን የት እንዳለን ያውቃል።

የእትዬ ዘነበችን ልማድ በዝርዝር ልጻፍ፣ ምክንያቱም ትምህርት ቤት ገብቼ እንኳ ከዚያ የተሻለ ዘዴ አላገኘሁም። አዲስ ከተማ ስንደርስ ሰው ለምግብ ቤት የሰጠውን ኮከብ ስልክ ላይ አይቆጥሩም። ጭነቱ እስኪራገፍ ፎርክሊፍት የሚሉትን ዕቃ ማንሻ የሚነዳውን ሰው ይጠጉና፣ «አንተ ለምሳ የት ትሄዳለህ?» ይላሉ። አንድ ቀን እኔ ቀድሜ «እዚህ ጥሩ ምግብ ቤት የት አለ?» ብዬ ስጠይቅ ሰምተው ገሰጹኝ።

«ጥሩ የቱ ነው ካልሽው እንግዳ የሚወስድበትን ይነግርሻል። አንተ የት ትበላለህ ካልሽው ግን የሚበላበትን ይነግርሻል። የምንፈልገው የቱን ነው?»

ምግቡ ሲመጣ ደግሞ አስቀድመው የሚቀምሱት ተራውን ነገር ነው፤ ሩዙን፣ ባቄላውን፣ ዳቦውን። «ሥጋና ቅመም ያታልላል፤ ሩዝ ግን መደበቂያ የለውም» ይላሉ። ሁለታችንም አንድ ዓይነት ምግብ አናዝም፤ ግማሹ ላይ ሳህን እንለዋወጣለን። ከዚያ በፊት ግን ጸሎት አለ፤ ምግቡ በወረቀት ተጠቅልሎ የመኪናው አፍንጫ ላይ ቢቀመጥም ጸሎት አይቀርም። ጸሎታቸው አጭር ነው፤ ታኮ ቶሎ ይቀዘቅዛላ።

ከተሞቹን በቁጥር አልለካናቸውም። እትዬ ዘነበች እንደ ሠርግ እንግዳ ነው ያስቀመጧቸው፦ ማን ከማን ከፍ ብሎ ይቀመጥ? አዲስ ከተማ በመጣች ቁጥር የተቀመጡት ይነሱና ክርክር ይጀመራል። ክርክሩ አንዳንዴ ከአንድ ስቴት እስከ ሌላው ይቆያል። የእኛን አገር ምግብ አንቆጥርም ነበር፤ «ዳኛ የገዛ ልጁን አይዳኝም» ብለው ከለከሉ። ሌላው ሕግ ደግሞ ሁለታችንም ያልቀመስናት ከተማ ወንበር አታገኝም የሚል ነበር። አንዷ ብቻ የቀመሰችው ምስክርነት እንጂ ፍርድ አይደለም።

ሂዩስተንን ከፍተኛው ወንበር ላይ ያስቀመጥናት በአንድ ምሳ ነው። የቬትናም ሰዎች የከፈቱት ቤት ገባን። በትልቅ ትሪ ቀይ ክሬይፊሽ፣ የረግረግ ውሃ ሸርጣን መሳይ ነገር፣ መጣ፤ ከነጭንቅላቱ፣ ከነእግሩ፣ ቅቤና ነጭ ሽንኩርት ፈስሶበት። ሁለታችንም እጃችንን ጭናችን ላይ አድርገን አየነው።

«በእምነታችን አልተከለከለም አይደል?» አሉ እትዬ ዘነበች።

«አልተከለከለም።»

«ታዲያ እጄን ማን ያዘው?»

አስተናጋጇ አዘነችልንና ጭንቅላቱን እንዴት ጠምዝዞ እንደሚነጥሉት አሳየችን። እትዬ ዘነበች ዓይናቸውን ጨፍነው ጎረሱ። ጨፍነው ትንሽ ቆዩ። ከዚያ ሳይገልጡት ሌላ አነሱ። ስንጨርስ ቅርፊቱ በመካከላችን እንደ ኮረብታ ተከምሮ ስለነበር ፊታቸው የታየኝ ቀና ሲሉ ነው።

ቺካጎ መኪና ማቆሚያ አሳጥታ ካሰቃየችን በኋላ በአንድ ሳንዱዊች አስታረቀችን፤ ዳቦውን ከነሥጋው መረቅ ውስጥ ነክረው ይሰጧችኋል፣ ቁሞ የሚበላ ፍትፍት በሉት። ካንሳስ ሲቲ የተጠበሰ ሥጋ ጫፍ ጫፉን፣ ያረረውን፣ ሌላው የሚጥለውን ለብቻው ሰብስባ ትሸጣለች። ሎስ አንጀለስ መንገድ ዳር ቆማ ታበላለች፤ እዚያ የተቀመጠ የሚበላ ሰው የሌለ ይመስላል። ኒውዮርክን የምናውቃት በብሮንክሱ የአትክልት ገበያ በኩል ብቻ ስለሆነ በትሕትና መካከል ላይ አስቀመጥናት። ዳላስንና ፎርት ዎርዝን እንደ አንድ እንግዳ ቆጥረን የት እናስቀምጣቸው ስንል ግን ተጣላን። እኔ ከሂዩስተን ጎን አልኩ። «ቤትሽ ስለሆነ ነው» አሉኝ፤ «ከሂዩስተን በታች፣ ከቺካጎ በላይ።» በዚያው ጸና።

ከሥራ ዘመናችን ሁሉ ከባዱ ቀን የመጣው በጣም በተደሰትንበት ጭነት ነው። ሜስኪት ውስጥ ሥጋ የሚያከፋፍሉ ጋሽ ወልዴ የሚባሉ የቤተ ክርስቲያናችን ሰው አሉ። ዴንቨር ላሉ የአበሻ ምግብ ቤቶች ለክትፎና ለቁርጥ የሚሆን ሥጋ እንድናደርስ ሰጡን። ከዚያ በፊት ሰላጣና እርጎ ነበር የምንጭነው፤ ለገዛ ሰዎቻችን ወጥ ቤት ስንጭን የመጀመሪያችን ነበር። እትዬ ዘነበች የማቀዝቀዣውን ሙቀት እንደ ሕፃን ትኩሳት እየደጋገሙ አዩት። ቅዳሜ መድረስ ነበረብን። ነገር ግን ቅዳሜና እሑድ የሴቶች ጉባኤ ሆነ፣ እሳቸውም ጸሎት መሪ ነበሩ።

«ሥጋው እንደሆነ በረዶ ውስጥ ነው» አሉ ጋሽ ወልዴ። «ቅዳሜ ደረሰ፣ ሰኞ ደረሰ፣ ያው ነው። ጉባኤውን ተካፍላችሁ ሂዱ።»

እሑድ ማታ ተነስተን ሰኞ ጠዋት ዴንቨር ገባን። የመጀመሪያው ምግብ ቤት ባለቤት ጎልማሳ ሴት ናት፤ በጓሮው በር ወጣች።

«ምንድን ነው ያመጣችሁት?»

«የክትፎ ሥጋ» አልኩ በኩራት፤ «እንዲህ ያለ አይተሽ አታውቂም።»

«ዛሬ?»

እትዬ ዘነበች የጭነት ወረቀቱን ዘረጉላት።

«እህቶቼ፣ ትናንት እኮ ቅበላ ነበር። ሰው እስከ ፓርኪንጉ ድረስ ተሰልፎ ሥጋ አልቆብኝ መለስኩት። ዛሬ ሁዳዴ ገባ። ይኼን እስከ ፋሲካ ማን ይበላልኛል?» ተራ በተራ አየችን። «ለመሆኑ የት ነው ያደጋችሁት?»

«ጴንጤ ነን» አሉ እትዬ ዘነበች ቀስ ብለው።

«እሱንማ ሥጋው ነገረኝ።»

ሌሎቹም ምግብ ቤቶች ጋ ሄድን። አንዱ ባለቤት በሩን ተደግፎ እስኪደክመው ሳቀ፤ ሌላው ሊስቅ እንኳ አልፈለገም። እኛም ጋሽ ወልዴም ከልጅነታችን ጀምሮ በዚያ ጾም አልኖርንም፤ ቀኑ ሲመጣ ሲሄድ ልብ ብለንም አናውቅም። ከቀትር በኋላ አንድ የሜክሲኮ ሥጋ ቤት ዋጋውን ሰብሮ ወሰደው። የዴንቨር ደንበኞች ግን ከጋሽ ወልዴ እጅ ወጡ፤ ለሰዎቻችን ወጥ ቤት የመጫን ዕድል ለእኛም ተመልሶ አልመጣም። እትዬ ዘነበች ደውለው ሲነግሯቸው አጠገባቸው ነበርኩ። «ያላወቅነው ሁላችንም ነን፤ በሩ ላይ የቆምኩት ግን እኔ ስለሆንኩ እኔን ይቆጡኝ» አሏቸው። ጋሽ ወልዴ አልተቆጡም፤ በሰላም ግቡ ብለው ስልኩን ዘጉ፤ እሱ ባሰ።

ስንመለስ ያች የመጀመሪያዋ ሴት መንገድ ላይ አይታ ጠራችን። «ባዶ ሆዳችሁን አትሂዱ።» ቤቱ በጾም ባዶ ይሆናል ብለን ነበር፤ ጢም ብሎ ሞልቷል። የሱፍ ፍትፍት አቀረበችልን። ቀዝቃዛ፣ ነጭ፣ ቃሪያው ከሥር የሚነሳ፤ ሁለታችንም እንዲያ አድርገው የሠሩት አልገጠመንም ነበር። እትዬ ዘነበች ትሪው እስኪጸዳ በሉ። መኪናው ውስጥ ከገባን በኋላ ወደ እኔ ዞሩ።

«ስንቱን ከተማ ያለ ቀኑ ደርሰን ፈርደንበት ይሆን?»

ከዚያ በኋላ ያስቀመጥናቸውን በሙሉ እንደገና አስነሳናቸው። ኒው ኦርሊንስ ሁሌ ሐሙስ እየደረስን መጨረሻ አካባቢ ነበረች፤ ሰኞ ስንደርስ ግን ከተማዋ በሙሉ ቀይ ባቄላ በሩዝ ትበላለች፣ እኛም ባቄላውን ቀምሰን አራት ወንበር ከፍ አደረግናት። ሂዩስተን እንኳ ክሬይፊሹ ያለ ወቅቱ ሲሆን ሌላ ከተማ ናት። እትዬ ዘነበች ከአንድ የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ሱቅ የጾም ቀን መቁጠሪያ ገዝተው መኪናው ውስጥ ሰቀሉ። የጉባኤያችን ሴቶች አዩት።

«እህት ዘነበች፣ ጾም ጀመሩ እንዴ?»

«እኔ የምጠብቀው ለመጫን ነው» አሉ፤ «መጾሙን ለሚችሉት ትቻለሁ።»

ባለፈው ዓመት ዳሌያቸው ታመመና ጡረታ ወጡ። ከሌላ ጥንድ ጋር ሞከርኩ፤ ጥሩ ሴት ነበረች፣ ግን በየከተማው ያንኑ ሀምበርገር ታዝዛለች። ተውኩትና ኮሌጅ ገባሁ። ትምህርት ብጀምርም እሳቸው ዋይሊ፣ እኔ ሜስኪት፣ ሁለታችንም ዳላስ ዳር ነንና ቅዳሜ ቅዳሜ አብረን እንበላለን ብዬ ነበር። ያኔ ነው ልጃቸው ሜሮን መደወል ያበዛችው። አንድ ቀን ስፒከር ላይ አድርገው ሰማኋት።

«ማሚ፣ ማለቴ፣ ብቻሽን ምን ትሠሪያለሽ? ሩምሽ ሬዲ ነው። ቁጭ ብለሽ ልጁን እያየሽ ሪላክስ ታደርጊያለሽ።»

ስልኩን ሲዘጉ ፊታቸው ጨልሟል። «ቁጭ ብለሽ» አሉ። «የልጅ ልጄን እወዳለሁ። ቁጭ ማለቱ ነው የሚያስፈራኝ።»

«ይቅሩ እንግዲህ» አልኩ፤ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

«እያለቀስሽ አትያዢኝ። አንድ ቅዳሜ ሰጥቼሻለሁ። ዳላስን አስቀምሺኝ፤ ከዚያ እወስናለሁ።»

በዚያው ሳምንት ክፍል ውስጥ መልሴን አቀረብኩ። ከተማን የምመዝነው በተራው ምግቧና በቀኗ ነው አልኩ፤ ማስረጃዬንም ዘረዘርኩ። መምህራችን በጥሞና ሰምተው ሲያበቁ፣ «ግልጽ ነው። ግን በዝርዝርሽ ውስጥ ያልገባች ትልቅ ከተማ የትኛዋ ናት? ለምንስ?» አሉኝ። ጥሩ ጥያቄ ነበር፤ እስከ ቅዳሜ አልለቀቀኝም። ያልገባችው ሲያትል ናት። ሲያትል ስንደርስ እትዬ ዘነበች ወይ ተኝተው ነበር፣ ወይ ጉንፋን ይዟቸው ነበር፣ ወይ አራግፈን ወዲያው ወጥተን ነበር። የቀመስኳት እኔ ብቻ ነኝ።

ቅዳሜ በጠዋት ከዋይሊ አነሳኋቸውና የሜክሲኮ ሰዎች ወደሚበዙበት የዳላስ ሰፈር፣ ኦክ ክሊፍ ሄድን። ባርባኮዋ የሚሸጠው ቅዳሜና እሑድ ብቻ ነው፤ ሌሊቱን ሲበስል ያደረ የበሬ ጉንጭ፣ በሹካ ስትነኩት የሚፈርስ። እትዬ ዘነበች ቶርቲላውን፣ ሥጋው የሚጠቀለልበትን ቂጣ፣ ብቻ ቆርሰው ቀመሱና ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ። ፎርት ዎርዝ ለብሪስኬት፣ በጭስ ለበሰለ የበሬ ፍርምባ፣ ተሰልፈን ከፊታችን ካለ አናጺ ጋር ሥጋው ስለሚጨስበት እንጨት ተከራከሩ፤ እሱ ስለ አገራችን ዛፎች ይጠይቃቸዋል፣ እሳቸው ጭሱ ለምን ሰማያዊ እንደሆነ ይጠይቁታል። ሥጋው ጥቁር ቅርፊት ለብሶ መጣ፤ እሳቸው መጀመሪያ ባቄላውን ቀመሱ። ከዚያ ሥጋውን። ከዚያ የእኔን ሥጋ።

«ከፍ ልናደርጋት ነው?» አልኩ።

«አትቸኩዪ።»

ከሰዓት በኋላ ኧርቪንግ ገብተን ዶሳ አዘዝን፤ ከጠረጴዛው የሚረዝም፣ እንደ ወረቀት የሳሳ የሕንዶች ቂጣ ነው፤ እንደ እንጀራችን ሊጡ ቦክቶ ነው የሚጋገረው። ጫፉን ሰበሩ፤ ቀመሱ፤ ሰፊው ቤት ውስጥ የሚሯሯጡትን ልጆች አዩ።

«ኦኬ» አሉ። «ዳላስ ከሂዩስተን ጎን ትቀመጥ።»

ወንበሬ ላይ ዘለልኩ ማለት ይቻላል። አሸንፌያለሁ ብዬ አሰብኩ። እሳቸው ግን እጃቸውን እየጠረጉ ቀጠሉ።

«አሁን ሲያትልን ንገሪኝ።»

«ሕጋችን አይፈቅድም። አንዷ ብቻ የቀመሰችው ፍርድ አይደለም።»

«ፍርድ አልጠየቅኩሽም። ምስክርነት ነው የጠየቅኩሽ።»

ሁለት ሦስት መልሶች መጡልኝ። ዝናብ ነው፣ ብርድ ነው፣ ዓሣ ዓሣ ይሸታል ማለት እችል ነበር። ግን ስለ ምግብ ተዋሽተን አናውቅም፤ እኔን ያስተማሩኝ ሴት ናቸው የጠየቁኝ።

ነገርኳቸው። ዓሣ ልንጭን የመርከብ ማራገፊያው ላይ ቆመን ነበር፤ እሳቸው ትኩሳት ይዟቸው አልጋዋ ላይ ተኝተዋል። እኔ እንዳስተማሩኝ አንዱን ሠራተኛ፣ ሸምገል ያለ ፊሊፒናዊ፣ «አንተ ምን ትበላለህ?» አልኩት። ማረፊያ ክፍላቸው ወሰደኝ። ትንሽ ምድጃ ላይ የሳልመን ዓሣ ጭንቅላት በጎምዛዛ መረቅ ይፈላል፤ ጎመንና ቲማቲም ገብቶበት። ዓሣው በአንድ ዓይኑ እያየኝ መጀመሪያ ሩዙን ቀመስኩ። ከዚያ መረቁን። ጉሮሮዬን ከፍቶ፣ ደረቴን አሙቆ ወረደ፤ የዓሣ ጉንጭ ቅቤ እንደሚመስል ያን ቀን ነው ያወቅኩት። ሰውዬው ከእኛ ጀልባ ይልቅ ያኛው ይሻላል፣ ከዚህ ዓሣ ይልቅ የበልጉ ይሻላል እያለ የወቅቱን ተራ ነገረኝ፤ በየወሩ ሌላ ዓሣ ይመጣል። ከዚያ ወጥቼ በየመንገዱ ሩዝና ዶሮ የሚሸጡ የቴሪያኪ ቤቶች፣ የቬትናም ሾርባ ቤቶች አየሁ፤ ልገባባቸው ግን ጊዜ አልነበረኝም።

«ሶ የት ታስቀምጪያታለሽ?»

«ያችን ሾርባ ብቻ ካየሁ» አልኩ፤ «ከዳላስ በላይ።»

እትዬ ዘነበች ወንበራቸውን ደገፍ አሉ። ከዚያ መሳቅ ጀመሩ፤ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ።

«ሜሮን በልጅ ልጅ ጎተተችኝ፣ ሩም አዘጋጅታ ጎተተችኝ፤ ፓስተራችን በዝናብ አስፈራሩኝ። በየወሩ ሌላ ዓሣ እንደሚመጣ የነገረኝ አንድ ሰው የለም።»

«ሊሄዱ ነው ማለት ነው?»

«እሄዳለሁ፤ እዚያም ልጁን አዝዬ እዞራለሁ። ቁጭ የሚል አያት ከፈለገች ሌላ ትፈልግ። ያን ሰውዬ አገኘዋለሁ፤ ካላገኘሁት ሌላ ፎርክሊፍት የሚነዳ አይጠፋም።» ጎንበስ ብለው የቀረውን ዶሳ ለሁለት ቆረሱና ግማሹን ሰጡኝ። «የኮሌጅሽ ዕረፍት መቼ ነው?»

«መጋቢት ላይ።»

«በአውሮፕላን አልሄድም። አንቺ ታደርሺኛለሽ።»

አዝኜ ነበር፤ ግን እውነቱን ልናገር፣ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሐዘኑ ቦታ አጣ። እስከ መጋቢት ድረስ በስልክ ተከራከርን። እኔ አማሪሎ አንድ የላኦስ ምግብ ቤት አለ አልኩ፤ እሳቸው ረቡዕ ዝግ ነው አሉ። እኔ ማክሰኞ እንነሳ አልኩ፤ እሳቸው ማክሰኞ ከተነሳን ሳንታ ፌ የምንደርሰው ያለ ቀኑ ነው አሉ። በመጨረሻ ሰኞ ጎህ ሲቀድ የእኔ ትንሽ ፒካፕ ላይ ሻንጣዎቻቸውን ጭነን ዋይሊ በራቸው ላይ ቆምን። ሜሮን ስልክ ላይ ሆና ቀበቶ እሰሩ ትለናለች። እኔ ወደ ሾፌሩ በር ስሄድ እትዬ ዘነበች ዳሌያቸውን ይዘው ቀድመውኝ ደረሱና እጃቸውን ዘረጉ።

«ቁልፉን። እስከ አማሪሎ የእኔ ተራ ነው፤ አንቺ ተኚ።»